በአንሶላ ልክ የተቀዳ ሽሮፕ

አባቷ መብላት ያቆሙት አኩርፈው አይደለም፤ አስበውበት ነው። ዕድሜያቸውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ዓለምን ሁሉ የሚያዩት በአውቶቡስ ዓይን ነው፤ የገዛ ሆዳቸውንም ጭምር።

«የኋላው በር አልከፈት ብሎ ሳለ በፊተኛው መጫን ምን ይባላል?» ይላሉ፣ ሳህኑን በእጃቸው ጀርባ ገፋ እያደረጉ። «ተሳፋሪው አልወረደም። አዲስ አልጭንም።»

ልጃቸው መጀመሪያ ሰሞን ትስቅ ነበር። ውሎ ሲያድር ግን፣ ሳህኑ እንደሄደ ሲመለስ፣ ጉንጫቸው እየጎደጎደ የሸሚዛቸው ኮሌታ አንገታቸው ላይ ሲሰፋ፣ ሳቁ ከአፏ ጠፋ።

እሷ በአንድ የልብስ ንጽሕና ቤት የምትሠራ፣ አርባዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። ቀኑን ሙሉ የምትቆመው በትልቁ የእንፋሎት መተኮሻ ፊት ነው። የሆቴል አንሶላ፣ የሆስፒታል አንሶላ፣ የቢሮ ሰው ሸሚዝ ያልፍባታል። መተኮሻውን ባነሣችው ቁጥር ነጭ ጉም ፊቷን ስለሚሸፍናት ባልደረቦቿ «እንፋሎት» ይሏታል፤ ስሙ ተለጥፎባት ቀረና አሁን የሥራ ቤቱ ባለቤትም የሚጠራት በሱ ነው። ባል አግብታ ነበር፤ አልሆነም። እግዜር ልጅ አልሰጣትም። ሰው ሲያዝንላት «የሰጠኝ አባቴን ነው» ትላለች፤ የምትለውም ለአፏ ያህል ሳይሆን ከልቧ ነው።

አባቷ ደረጃ ላይ አዳልጧቸው የዳሌ አጥንታቸው ከተሰበረ ወዲህ ግን ያ ስጦታ ከበዳት። ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ፤ ተመስገን። የአጥንት ሐኪሙ ሲያሰናብቷቸው የተናገሩት ግን ከጆሮዋ አልወጣ አለ።

«ብረቱን እኛ አስገብተናል። የቀረው የእሳቸው ነው» ነበር ያሏት። «በየቀኑ ይነሡ፣ ይራመዱ፣ በደንብ ይብሉ። ተኝተው ከከረሙ ጡንቻው ያልቅና ብረቱም አይረዳቸውም። ከዚያ በኋላ አልጋ ነው።»

አልጋ ማለት ምን እንደሆነ ለእሷ መንገር አያስፈልግም። አልጋ የያዘ ሰው አንሶላ በየቀኑ በእጇ ያልፋል፤ አንሶላው ስለ ሰውየው ብዙ ይናገራል። ጠዋት ወጥታ አመሻሽ ላይ የምትመለስ ሴት ናት። አባቷ አልጋ ቢይዙ ማን ይገለብጣቸዋል? ሥራውን ትታ ብትቀመጥስ ምን ይቀምሳሉ? ይህን ስታስብ ከመተኮሻው ፊት ቆማ «አምላኬ ሆይ፣ በእግራቸው አቁምልኝ፤ ሌላ አልጠይቅህም» ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሌላ መጠየቋ አይቀርም፤ እሱም ያውቃታል።

ችግሩ የመጣው ከሕመም ማስታገሻው ኪኒን ነበር፤ ያኔ ግን አላወቁም። ኪኒኑ ብርቱ ነው። ካልዋጡት መቆም አይችሉም። ሲውጡት ሕመሙ ጋብ ይልና ሆዳቸው ደግሞ ይዘጋል። ሽማግሌው ምግቡን ቀነሱ። ቀጥለው ውኃውንም ቀነሱ፣ ውኃ ከጠጡ መነሣት ሊመጣ ነውና፤ መነሣት ደግሞ ያማል። በመጨረሻ ኪኒኑን እያዘለሉ መዋጥ ጀመሩ፤ ያን ጊዜ መራመዱም ቀረ። ከአውቶቡሱ ቀልድ በቀር ግን ስለ ሆዳቸው ለልጃቸው ትንፍሽ አላሉም፤ ቀልዱም አልገባትም ነበር።

የነገራት ልብስ ሰፊው ነው። በራቸው ፊት ለፊት የሚኖር፣ ስፌት መኪናውን መስኮቱ ሥር አቁሞ ከቤቱ የሚሠራ ደግ ሰው ነው፤ አባቷ «መርፌው» ይሉታል። እሷ ሥራ ስትውል ረፋዱ ላይ ብቅ እያለ ያያቸዋል። አንድ ቀን ደረጃው ላይ አስቆማት።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ከኔ ግን አልሰማሽም።»

«ምነው? ወደቁ?»

«ኧረ አልወደቁም። ጋሼ ሆዳቸው ደርቋል። ሰንብቷል። መፀዳጃ ቤት ደግፌ አስገባቸዋለሁ፣ እዚያ እኔ አንድ ሱሪ ሰፍቼ እስክጨርስ ይቀመጣሉ፣ ከዚያ በላብ ተጠምቀው ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ።»

ወዲያው ገብታ ጠየቀቻቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ሰው ለሴት ልጁ እንዲህ ያለ ነገር ያወራል?» አሉ። «መርፌው ምላሱንም መስፋት ነበረበት።»

በማግሥቱ በምሳ ሰዓቷ መድኃኒት ቤት ሄደች። ሰልፍ ውስጥ ቆማ ቃሉን በሆዷ ስትለማመድ ቆየች፤ ተራዋ ሲደርስ ከኋላዋ አንድ ክራቫት ያሰረ ጎልማሳ ተጠግቶ ቆሞ ስለነበር ድምፅዋ ጠፋ።

«ላባቴ ነው። ለሆድ ... ማለቴ ...»

«ድርቀት?» አለቻት ፋርማሲስቷ፣ እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። በዕድሜ እኩያዋ የምትሆን፣ ፊቷ ላይ ድካም ያለባት ሴት ናት። «አይዞሽ እህቴ፤ ሁሉም ሰው ሆድ አለው። የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

እንፋሎት የኪኒኑን ባዶ ማሸጊያ አውጥታ አሳየቻት።

«ይኸው፣ ነገሩ ከዚህ ነው። ይኼ ሕመሙን ሲያስተኛ አንጀቱንም አብሮ ያስተኛዋል። ለማንም ቢሆን ያደርገዋል፤ የእሳቸው ጥፋት አይደለም። ያስመልሳቸዋል?»

«አያስመልሳቸውም።»

«ሆዳቸው ተነፍቶ ጠጥሯል? ብርቱ ቁርጠት? ደም ያዩበት ጊዜ?»

«የለም።»

«አየርስ ይወጣቸዋል?»

ክራቫት ያሰረው ሰው ጣሪያውን ማየት ጀመረ። «እሱስ ... ይወጣቸዋል» አለች እንፋሎት፣ በሹክሹክታ።

«ጥሩ ነው። ከነዚህ አንዱ ቢኖር ኖሮ ሽሮፕ አልሰጥሽም፤ ቀጥታ ወደ ሐኪም ነበር የምሰድሽ።» ስለ ኩላሊት፣ ስለ ልብ፣ ስለ ስኳር ጠየቀቻት፤ የለም አለች። ከዚያ ከመደርደሪያው አንድ ጠርሙስ አወረደች፤ አናቱ ላይ ትንሽ የላስቲክ መለኪያ እንደ ቆብ ተደፍቶበታል። «በዚች ብቻ ነው የምትለኪው። ጠዋት እስከዚህች መስመር፣ ማታም እስከዚህችው። ሽሮፑ የሚሠራው ውኃ ወደ አንጀት ስቦ ነው፤ እሳቸው ውኃ ካልጠጡ ከየት ያመጣል? አንድ ሁለት ቀን ይቆያል፣ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ዘገየ ብለሽ እንዳትጨምሪ። ተቅማጥ ከሆነ አቁሚና ነይ። ኪኒኑንም በራሳቸው አያቋርጡ፤ ሐኪማቸውን ጠይቁ። ገባሽ?»

«ገባኝ» አለች።

ጆሮዋ ሰምቶታል። ልቧ ግን እዚያ አልነበረም፤ የእንፋሎት ማሞቂያው ሳይጠፋ መድረስ አለባት፤ የሆቴሉ አንሶላ ለማታ ይፈለጋል፤ ቤት ስትመለስ ገና የምታጥበው አለ። ደክሟት ነበር፤ ድካሟም እንቅልፍ የሚያድነው ዓይነት አልነበረም። ጠርሙሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። መለኪያዋ እንዳትወድቅ ብላ በሽርጧ ኪስ አደረገቻት፤ እየሮጠች ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በዚያ ቤት ደንብ ነው፤ የሥራው ሰዓት ሲያበቃ ሁሉም ሽርጡን አውልቆ የመጨረሻው ማሽን ውስጥ ይጥላል፤ ታጥቦ፣ በማድረቂያው ተሽከርክሮ ያድርና ጠዋት ንጹሕ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። እንፋሎትም እንደ ወትሮዋ አውልቃ ጣለች።

ቤት ደርሳ መለኪያዋን ስትፈልግ የት እንደተዋቻት ወዲያው ገባት። እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ቆመች። የሰው ኪስ ፈትሻ እስክሪብቶ፣ መሐረብ፣ አንዴም ሰው ሠራሽ ጥርስ ያወጣች ሴት የገዛ ኪሷን ረሳች። ተመልሳ እንዳትሄድ ሥራ ቤቱ ተቆልፏል፤ መድኃኒት ቤቱም እንደዚሁ።

መታጠቢያ ቤታቸው ውስጥ ከሥራ ቦታ የተሰጣት የልብስ ማለስለሻ ጠርሙስ አለ። ክዳኑ ሰማያዊ ነው፤ ውስጡ መስመር አለበት። መድኃኒቱም የሚያለሰልስ፣ ይኼም የሚያለሰልስ፤ ያችም መስመር ያላት፣ ይኼም መስመር ያለው። የደከመ አእምሮ እንዲህ ያለ መመሳሰል ሲያገኝ እንደ ትራስ ይደገፍበታል። ክዳኑን በሙቅ ውኃ ደጋግማ አጠበችው፣ አሸተተችው፣ እንደገና አጠበችው። ሽሮፑን እስከ መስመሩ ሞላችና ወሰደችላቸው።

«ይጣፍጣል» አሉ አባቷ፣ ከንፈራቸውን እየላሱ። «ለዚህ ነው የተጠራጠርኩት።»

ጠዋት ሌላ ክዳን ሰጥታቸው ወጣች። ሥራ ስትደርስ አጣፊዋ፣ ከእሷ ቀጥላ ቆማ የተተኮሰውን የምታጥፈው ወዳጇ፣ የሆነ ነገር በሁለት ጣቷ ይዛ ጠበቀቻት። መለኪያዋ ናት። በማድረቂያው ሙቀት ተኮማትራ የደረቀ ወይን መስላለች።

«እንፋሎት፣ የሰው ኪስ ፈታሽ፣ ያንቺን ደግሞ ማን ይፈትሽልሽ?» አለቻት። «ምንድን ነው ይኼ? የአሻንጉሊት ባርኔጣ ነው?»

«ያባቴ መድኃኒት መለኪያ ነው።»

የአጣፊዋ ሳቅ ቆመ። «ውይ። በምን ለካሽላቸው ታዲያ?»

«ያው ... ክዳን አላጣሁም።»

«ሂጂና ሌላ አምጪ፤ እምቢ አይሉሽም።»

«ምሳ ላይ እሄዳለሁ» አለች። ምሳ ላይ ግን ማሽኑ ተበላሸና ምሳም ሳትበላ ዋለች።

በዚያ ሥራ ያደገ ሰው የሚመራበት አንድ ሕግ አለ፤ ነጠብጣቡ ካልለቀቀ ድገመው ይላል። ቡና የፈሰሰበት የጠረጴዛ ልብስ ይሁን ቀለም የነካው ሸሚዝ፣ በአንድ ክዳን እምቢ ካለ ሁለት ይጨመራል፤ በሁለት እምቢ ካለ ሦስት። እንፋሎት ይህን ሕግ ከመልመዷ የተነሣ ሕግ መሆኑንም አታውቀውም፤ እጇ ነው የሚያውቀው። ማታ ስትመለስ ሆዳቸው ምንም አላለም። ሁለት ክዳን ሰጠቻቸው። ጠዋትም ምንም የለም፤ ለመሄድ ተቻኩላ ሁለት ደገመችላቸው። ውኃውን አልጋቸው አጠገብ አስቀምጣላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ልማዳቸው ከንፈራቸውን ብቻ አርሰውበታል።

ረፋዱ ላይ ስልኳ ጮኸ። ልብስ ሰፊው ነው።

«እህቴ፣ ቶሎ ነይ። አልሞቱም፤ እንዳትደነግጪ። ግን ቶሎ ነይ።»

እንዲህ ተብሎ ያልደነገጠ ሰው የለም። ሽርጧን ሳታወልቅ ወጣች።

ስትደርስ አባቷ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ከወገባቸው በታች ልብስ ሰፊው ለኮት ገበር ባስቀመጠው ግራጫ ጨርቅ ተጠቅልለዋል። ወለሉ ገና እርጥብ ነው፤ መጥረጊያው በሩ ሥር ተደግፏል። መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል። ሰውየው እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ እንደ ጥፋተኛ ቆሟል።

«ድምፅ ሰምቼ ስገባ መሬት ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው» አላት በቀስታ። «በመራመጃቸው ተነሥተው ነበር። መፀዳጃ ቤት አልደረሱም። ዳሌያቸውን አልመታቸውም፤ ቀስ ብዬ ነው ያነሣኋቸው። ከዚያ ወዲህ ግን ደጋግሟቸዋል።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። 

አባቷ አያዩዋትም። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ዓይናቸው ጎድጉዷል። ልታነሣቸው ስትሞክር ቤቱ ዞረባቸውና መልሰው ተቀመጡ። ታክሲ አስጠርታ፣ ከልብስ ሰፊው ጋር ግራና ቀኝ ደግፈው ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። እዚያ ግፊታቸውን ለኩ፣ ደማቸውን ወሰዱ፣ ጨውና ስኳር ያለበትን የተዘጋጀ ዱቄት በውኃ በጥብጠው በጥቂት በጥቂቱ አጠጧቸው። እስከ ከሰዓት አቆዩአቸው። ነርሱ ሽሮፑ ለጊዜው እንዲቆም፣ ተቅማጡ ከቆመ በኋላ በትክክለኛው ልክ እንዲጀመር ነገራት።

«ስንት ነበር የምትሰጪያቸው?»

«እስከ መስመሩ» አለች። ስትናገር የትኛው መስመር እንደሆነ አሰበች።

አባቷ አርፈው ሳሉ ቤት ደርሳ ክዳኑን ይዛ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄደች። ያቺው ፋርማሲስት ነበረች። ክዳኑን ተቀብላ እስከ መስመሩ ውኃ ሞላችበት፤ ከዚያ አዲስ መለኪያ አውጥታ ትገለብጥበት ጀመር። መለኪያዋ ሞላች። ደፍታ እንደገና ገለበጠች። አሁንም ሞላች። ክዳኑ ውስጥ ገና ውኃ አለ። እንፋሎት ዞር አለች፤ ማየት አልቻለችም።

«ይኼ የምን ክዳን ነው?»

«የአንሶላ ማለስለሻ።»

ፋርማሲስቷ የቀረውን ውኃ ደፍታ ክዳኑን አስቀመጠችው። «በሌላ ነገር እንዳትለኪ ስልሽ ለምን እንደሆነ ማሳየት ነበረብኝ። ቸኩለሽ ነበር፤ እኔም ሰልፉን አየሁ» አለች። «በዕድሜ ለገፋ ሰው ይኼ ያደክማል፤ የሰውነትን ውኃና ጨው ይዞ ነው የሚወጣው። ዛሬ ደርሰሽላቸዋል። እንኳን በጊዜ ነቃሽ።» መለኪያዋንም ገንዘብ ሳትቀበል ሰጠቻት፤ ሁለት አድርጋ። «አንዷን ለማድረቂያው።» እንፋሎት የማድረቂያውን ነገር በሰልፉ ፊት ነግራት ነበር፤ አሁን ክራቫት ያሰረ ሰው ቢኖርም ባይኖርም ግድ አልነበራትም።

ተቅማጡ በማግሥቱ ቆመ። የባሰው የመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

«ይበቃኛል» አሉ አባቷ። ጮኸው ቢሆን ይሻላት ነበር፤ በተለመደ ድምፃቸው ነው የተናገሩት። «ኪኒኑንም ሽሮፑንም ውሰጂልኝ። መነሣቱንም ተይው። እዚሁ ልተኛ።»

«ሐኪሙ ያሉትን ረሱት እንዴ አባባ? ካልተነሡ እኮ ...»

«አልረሳሁም። ሰምቻቸዋለሁ። አንድ ሰው ሰውነቱ ሲከዳው ያውቀዋል፤ ልጄ። በዚያ አውቶቡስ ላይ ስንት ሰዓት ብውል አንድም ቀን ራሴን አሳፍሬ አላውቅም። አሁን ጎረቤት እንደ ሕፃን አጠበኝ። እንዲህ ከሆንኩ ከአልጋዬ ሆኜ ልሁን፤ ቢያንስ መሬት ላይ አልገኝም።» ፊታቸውን አዞሩ። «የአንቺ ጥፋት አይደለም። ዕድሜ ነው።»

ያን ቀን ፈቃድ ወስዳ ቤት ቀርታ ነበር። ወጥ ቤት ገብታ የልብስ ሰፊውን የገበር ጨርቅ ማጠብ ጀመረች። እያሸች ታስባለች። አባቷ ገላቸው የፈረሰባቸው መስሏቸዋል። እውነቱን ከነገረቻቸው ያ ሐሳብ ከላያቸው ይነሣል፤ ግን ከእጇ ነገር የሚቀበሉት ለምን ይሆን ከዚያ በኋላ? ውኃ እንኳ ብትሰጣቸው አሽትተው ነው የሚጠጡት። ዝም ብትል ደግሞ «ዕድሜ ነው» ብለው ተኝተው ይቀራሉ። ጨርቁን ጨመቀችው፣ ዘረጋችው፣ እንደገና ጨመቀችው፤ ደርቆ ነበር። «ጌታዬ፣ ቢጠሉኝም ይነሡልኝ» አለችና ክዳኑን ይዛ ገባች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ዕድሜ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሽርጡን፣ ማድረቂያውን፣ ድገመው የሚለውን። ሳታለቅስ ልትጨርስ አስባ ነበር፤ መሐል ላይ አልሆነላትም። ሽማግሌው ክዳኑን ከእጇ ወሰዱ። መነጽራቸውን አድርገው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት።

«ይኼ መስመር ለስንት አንሶላ ነው?»

«ለማሽን ሙሉ።»

«ለትልቁ ማሽን?»

«ለትልቁ።»

ክዳኑን በእጃቸው አገላበጡት። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚያለቅሱ መስሏት ብድግ አለች። እየሳቁ ነበር። ሳቁ ዳሌያቸውን እያመማቸው፣ በአንድ እጃቸው ጎናቸውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«እኔ እኮ ... እኔ እኮ አልቄያለሁ ብዬ ዓለምን ተሰናብቼ ነበር» አሉ ትንፋሽ ሲያገኙ። «የሆቴል አልጋ ሁሉ የሚለሰልስበትን ባንድ ሽማግሌ ላይ ደፍታ!»

«ይቅር ይበሉኝ አባባ።»

«ይቅር ብያለሁ። ሾፌር ሲደክመው ጥግ ይዞ ይቆማል፤ አንቺ ግን የምታርፊበት ጥግ የለሽም። እሱን ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ።» ክዳኑን አልጋው ላይ አስቀመጡ። «ካሁን በኋላ ግን እኔ ነኝ የምለካው። መሪውን አምጪ፤ አንቺ ተሳፈሪ።»

እንዲህ ሆነ። ነርሱ የፈቀደላቸው ቀን ሲደርስ መነጽራቸውን አድርገው፣ መለኪያዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ አጎንብሰው በዓይናቸው ትክክል እያዩ እስከ መስመሩ ቀዱ። አንዲት ጠብታ መስመሩን ብታልፍ ወደ ጠርሙሱ መለሷት። ከሽሮፑ ቀጥሎ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይጠጣሉ። ረፋዱ ላይ ልብስ ሰፊው ሌላ ብርጭቆ ይዞ ሲመጣ «መርፌው፣ ደግሞ ነዳጅ አመጣህ?» እያሉ ይጠጡለታል፤ መጀመሪያ ቀን ሊያዩት አፍረው ነበር፤ እሱ ግን ስለ ሱሪ ብቻ እያወራ ቆየ፣ በሁለተኛው ቀን ሐፍረቱን ረሱት። ሐኪሙም በስልክ ኪኒኑን ቀለል ወዳለ ለወጡላቸው። ሲቀልላቸው ከአልጋ እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ አልጋ ይሄዳሉ።

መጀመሪያው ቀን ምንም አልመጣም። ማግሥቱንም ምንም። እንፋሎት ማታ ጠርሙሱን ስታይ እጇ ይበላታል፤ ትንሽ ብትጨምር፣ ትንሽ ብቻ። ጠርሙሱ ግን አሁን በእሷ ሥልጣን ሥር አይደለም፤ ከአባቷ ትራስ ወዲያ ቆሟል። ትጸልያለች፤ ስለ ሆድ መጸለይም አያሳፍራትም። ለማን ይነገራል ደግሞ? የሰውን አንጀት የሠራው እሱ ነው።

በዕረፍት ቀኗ ጠዋት አባቷ ከአልጋ ሲነሡ ሰማች። መራመጃቸው ወለሉን ሲመታ፣ ሲያርፍ፣ ሲመታ። ሮጣ ብትወጣ ኮሪደሩ መሐል ደርሰዋል። ክንዳቸውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች።

«ልቀቂኝ» አሉ። በሩን ራሳቸው ከፈቱ፣ ራሳቸው ዘጉ። ውስጥ ሆነው ደግሞ «ከዚያ ሂጂ። ቆመሽ አታድምጪኝ» አሏት።

ሄደች፤ ግን ሩቅ አልሄደችም። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ጊዜው ረዘመ። ከዚያ የውኃው ድምፅ መጣ፤ ቧንቧው ሁሉ ሲንጎራጎር። ዓይኗን ጨፈነች። በሩ ተከፈተ። አባቷ ፊታቸው ገርጥቷል፤ ግንባራቸው በላብ ረጥቧል፤ ግን ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«ሰላም ነው» አሉ ሌላ ምንም ሳይጨምሩ። የመኝታ ቤታቸውን በር አልፈው ሄዱ። ሳሎኑ ውስጥ ካለው የምግብ ጠረጴዛ ጋ ደረሱ፣ ወንበሩን በመራመጃቸው ጫፍ ስበው ተቀመጡ፤ መስኮቱን እያዩ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

እንፋሎት መኝታ ቤታቸው ገባች። ከሆስፒታል ከተመለሱ ወዲህ ያን አልጋ ባዶውን አንጥፋው አታውቅም፤ ሁልጊዜ እሳቸው ላዩ እያሉ በአንድ በኩል ገልበጥ፣ በሌላ በኩል ገልበጥ እያደረገች ነበር የምትቀይረው። አንሶላውን ሙሉ በሙሉ ገፈፈችው። ንጹሑን ዘረጋች፣ ጠርዞቹን አስገባች፣ በመዳፏ እያለሳለሰች አራት ማዕዘኑን ዞረች። ከሳሎኑ አባቷ የሆነ ነገር ለራሳቸው ያንጎራጉራሉ። ተመስገን ልትል አፏን ከፈተች፤ ቀድማ ግን የተነጠፈው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያው ሆና «ተመስገን» አለች።